አሥራ አራተኛው ሶኬት
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና የሥራ አመራር ኮሚቴዎች፣
የተከበራችሁ የወረዳና የዞን የሥራ ኃላፊዎች፣
ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፣



በእንዲህ ያለ ዕለት ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለተሰራጨው ማዳበሪያና ስለተከፈለው የትርፍ ድርሻ መስማት የተለመደ ነው። እነዚህ በሪፖርቱ ውስጥ በሰንጠረዥ ተዘርዝረው ስለቀረቡ መደገም አያስፈልጋቸውም። የዛሬው ንግግር ስለ ሽቦ ነው። ይልቁንም ባለፈው ሚያዝያ ወር በዘር ማበጠሪያው ቤት የኤሌክትሪክ መስመር መፈተሽን ስለተማረች አንዲት ሠልጣኝ ነው። ከእናንተ መካከል በዚያ ሰሞን ዘራችሁን ጭናችሁ መጥታችሁ «ማሽኑ ለምን አይነሳም?» እያላችሁ ሁለት ቀን የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። ምክንያቱ በወቅቱ በሚገባ አልተነገራችሁም። ሊነገራችሁ ይገባ ነበር።

ሠልጣኟ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ተከላ ሙያ ተማሪ ስትሆን፣ ወደ ዩኒየኑ የመጣችው ለትብብር ሥልጠና ነው። አባቷ የአንዱ መሠረታዊ ማኅበር አባል ናቸው። በመሆኑም መጋዘኑን የምታውቀው በልጅነቷ ለአባቷ ምሳ እያመላለሰች ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች አምስተኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ መስጠት መሆኑን ብዙዎቻችሁ በሥልጠና ላይ ሰምታችኋል። ይህ መርህ ብዙ ጊዜ የሚተረጎመው አበል ባለው የሁለት ቀን ስብሰባ ነው። የአባልን ልጅ ተቀብሎ ሙያ ማስጨበጥም የዚሁ መርህ አካል ነው።

የተመደበችው በዩኒየኑ ኤሌክትሪሺያን ሥር ነበር። ባለሙያው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ሥራው የዘር ማበጠሪያውን ቤት መስመር ከወቅቱ ሥራ በፊት ከዋናው ቦርድ እስከ መጨረሻው ሶኬት ድረስ መፈተሽ ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለውን የሚመለከተው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርጅቱ ሲሆን፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ግን የባለንብረቱ ኃላፊነት ነው። ባለንብረቱ ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ሠልጣኟ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። የመለኪያዎቹን ሣጥን ይከፍቱልኛል ብላ ስትጠብቅ፣ ባለሙያው ደብተርና እርሳስ ብቻ ይዛ ቤቱን እንድትዞር አዘዟት። መስመሩ ከመለኪያ በፊት የሚፈተሸው በዓይን ነው። በመጀመሪያው ቀን የጻፈችው አራት መስመር አይሞላም፤ ባለሙያው አንብበው መለሷት። በሁለተኛው ቀን ዝርዝሩ ሁለት ገጽ ሆነ። አይጥ የላጠችው ኬብል፣ በፌስታል የተጠቀለለ መጋጠሚያ፣ ክዳኑ ጠፍቶ ገለባና አቧራ የገባበት ቦርድ፣ ከሙቀት የተነሣ ፊቱ የጠቆረ ሶኬት፣ በምስማር የተያዘ ሽቦ ተገኙ። እነዚህ ሁሉ በየቀኑ በሰው ፊት የነበሩ ናቸው። ገበሬ በማሳው ዳር ሲያልፍ ዋግ የመታውን ቅጠል እንደሚለይ ሁሉ፣ ዓይንም በሽቦ ላይ የሚሠለጥነው ቆይቶ ነው።

ከዚህ በኋላ የተማረችው መስመርን «መግደል» ነው። ዋናው ብሬከር ወርዶ በቁልፍ ይዘጋል፤ ቁልፉ የሚገባው በሚሠራው ሰው ኪስ ውስጥ እንጂ በጠረጴዛ ላይ አይደለም። ከዚያ በቮልቴጅ መፈተሻ ኮረንቲ አለመኖሩ ይረጋገጣል። ይህም ሦስት እርምጃ አለው። መጀመሪያ መፈተሻው ኮረንቲ እንዳለበት በሚታወቅ ቦታ ላይ ይሞከራል፣ ቀጥሎ በተዘጋው መስመር ላይ ይሞከራል፣ በመጨረሻም ተመልሶ ኮረንቲ ባለበት ቦታ ላይ ይሞከራል። ሠልጣኟ የመጀመሪያው ሙከራ ትርጉሙ ገብቷታል፤ ሦስተኛው ግን ጊዜ ማባከን መሰላት። ባለሙያው አልተከራከሩም። መስመሩን ራሳቸው ዘግተው፣ በራሳቸው መፈተሻ አረጋግጠው፣ ገመዱ በውስጥ የተበጠሰ አሮጌ መፈተሻ ሰጧት። መስመሩን ነክታ «ኮረንቲ የለም ጋሼ» አለች።

«የሞተው መስመሩ ነው ወይስ መለኪያው?» አሏት።

መልስ አልነበራትም። ከዚያች ቀን ወዲህ ሦስተኛውን እርምጃ ዘላ አታውቅም። ይህ በየቤታችሁ ለሚገኘው የእስክሪብቶ ቅርጽ ላለው ቴስተርም ይሠራል። እንዲያውም በጠፍ ጫማ ወይም በደረቅ ጣውላ ላይ ለቆመ ሰው ያ ቴስተር ሳይበራ ሊቀር ስለሚችል፣ አልበራም ተብሎ ሽቦ በእጅ መያዝ የለበትም።

መስመሩ ከተዘጋ በኋላ የመጀመሪያው ልኬት የመሬት ሽቦው፣ ማለትም አረንጓዴና ቢጫ የሆነው ኧርዝ፣ ከቦርዱ እስከ እያንዳንዱ ሶኬትና እስከ እያንዳንዱ ማሽን አካል ድረስ ሳይቋረጥ መድረሱን ማወቅ ነው። መለኪያው ትንሽ ኮረንቲ ልኮ የሽቦውን ተቃውሞ በኦም ይናገራል። እዚህ ላይ ባለሙያው አንድ ደንብ አወጡ። ሠልጣኟ መለኪያውን ከማንበቧ በፊት ምን እንደሚል አስቀድማ መናገር አለባት። ይህን የምታደርገው በሒሳብ ነው። በደረጃው መሠረት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ አንድ ኪሎ ሜትር ቢዘረጋ ተቃውሞው ከ7.41 ኦም አይበልጥም። ስለዚህ የ15 ሜትር ሽቦ 0.11 ኦም ያህል፣ የ41 ሜትር ሽቦ ደግሞ 0.30 ኦም ያህል ይሆናል። የመለኪያው የራሱ ገመዶችም ተቃውሞ ስላላቸው አስቀድመው ተገናኝተው ወደ ዜሮ መመለስ አለባቸው፤ የሚዛንን ባዶ ዕቃ እንደመቀነስ ማለት ነው። ይህች የሒሳብ ልማድ በኋላ ምን እንዳመጣች ቆይቶ ይነገራል።

ሁለተኛው ልኬት በተለምዶ ሜገር በሚባለው መሣሪያ የሚደረገው የሽፋን ፍተሻ ነው። ሽቦ ማለት ቦይ ነው ብላችሁ አስቡት። የመጀመሪያው ልኬት ውኃው እስከ ማሳው ጫፍ መድረሱን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ በመንገድ ላይ በቦዩ ግድግዳ የሚሰርግ መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል። ለ220 እና ለ380 ቮልት መስመር ሜገሩ 500 ቮልት ይለቃል። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ 60364 ክፍል 6 መሠረት የሚገኘው ውጤት ከ1 ሜጋ ኦም ማነስ የለበትም። በቆዩ የሙያ መጻሕፍት 0.5 ሜጋ ኦም የሚል ይገኛል፤ ያ የቀድሞው ነው። ይህ ፍተሻ ሲደረግ ሰው መስመሩን እንዳይነካ መከልከል፣ አምፑሎችን መንቀል፣ ኤሌክትሮኒክስ ያላቸውን ዕቃዎች ማላቀቅ ግድ ነው። 500 ቮልቱ ያቃጥላቸዋል። ሠልጣኟ አንዲት አመልካች አምፑል ረስታ ሜገሩ ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ቢያሳያት፣ «ሽቦው ተበላሽቷል» ብላ ግማሽ ቀን ስትቆፍር ውላለች። ባለሙያው አይተው ዝም አሉ። ይህ ዝምታ ደግ ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ግን አምፑሏን ያገኘቻት ራሷ ናት።

ከመስመሮቹ አንዱ ያስገረማት ነበር። ጠዋት ስትለካው 0.4 ሜጋ ኦም አለ፤ ከሰዓት በኋላ ለባለሙያው ልታሳያቸው ደግማ ስትለካው ከ3 በላይ ሆነ። እሷም ደስ ብሏት «ተስተካከለ» አለች። መስመሩ የሚያልፍበት ግድግዳ ከውጭ የውኃ ሮቶ የቆመበት ሲሆን፣ ሌሊት ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ ግድግዳው ይረጥባል፤ ቀን ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል። ሽፋኑ የተሰነጠቀ ሽቦ በደረቀ ጊዜ ጤነኛ ይመስላል። ክረምት ሲገባ ፀሐዩ ስለማይገኝ ሽቦው ተቀየረ፤ የሮቶው መዝጊያም ተሠራ። የዘር እርጥበትን ከጆንያው አፍ ብቻ ናሙና ወስዶ የሚለካ ሰው የሚሳሳተው ስሕተትም ከዚህ ጋር አንድ ነው።

በመጋዘኑ መብራት ላይ ደግሞ ማጥፊያው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን የሚቆርጥ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ባለ መስመር ላይ አምፑሉ ጠፍቶም የአምፑል ማቀፊያው ኮረንቲ ተሸክሞ ይቆያል። የተቃጠለ አምፑል የሚቀይር ሰው ማጥፊያውን አምኖ እጁን ይሰዳል። ይህ በሁለት ሽቦ ቦታ መለዋወጥ የሚታረም ነገር በመሆኑ በዚያው ቀን ታረመ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ይገባል።

በቤቱ ውስጥ 14 ሶኬቶች አሉ። ሠልጣኟ የመሬት ሽቦውን ፍተሻ በአንድ ቀን እንድትጨርስ ታዘዘች። አሥራ ሦስቱን ለካች። አሥራ አራተኛው በመጋዘኑ ጥግ፣ እስከ ጣሪያው ከተደረደረ የስንዴ ዘር ጆንያ በስተጀርባ ነበር። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፤ ጫኝና አውራጆቹ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ከጎኑ ያሉት ሶኬቶች 0.11 እና 0.12 ብለዋል። በቅጹ ላይ አንዲት ባዶ ቦታ ቀረች። ሠልጣኟ 0.12 ብላ ጻፈችባትና ቅጹን አስረከበች።

ይህን የሰማ ሰው ሊፈርድባት ይቸኩላል። ነገር ግን የማዳበሪያ ስርጭት ቅጽ፣ የእንስሳት ቆጠራ ቅጽ፣ የመሬት ልኬት ቅጽ የሞላ ሁሉ ያቺን የመጨረሻዋን ባዶ ቦታ ያውቃታል። የጎረቤቱን ቁጥር ገልብጦ መሙላት በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም።

በማግሥቱ ጠዋት ባለሙያው ቅጹን በሻይ ላይ ሲያነቡ ቆዩና ጠሯት። በቅጹ ላይ ከውጤቱ ጎን የሽቦው ርዝመት ይጻፋል፤ ርዝመቱን ራሷ ሠልጣኟ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሜትር ለክታ የጻፈችው ነው። የአሥራ አራተኛው ሶኬት ሽቦ ጣሪያውን ዞሮ ስለሚሄድ 41 ሜትር ነው።

«ልጄ፣» አሏት፣ «41 ሜትር ሄዶ 0.12 የሚል ሽቦ ከየት ተገኘ? ከመዳብ የተሻለ ነው። ገዝተን ቤቱን ሁሉ እንቀይረው ነበር።»

ሠልጣኟ መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ፣ «አልለካሁትም ጋሼ። ጆንያ ነበረበት» አለች።

አልተቆጡም። ቅጹን መለሱላትና «ጆንያው ይነሳል» ብቻ አሉ።

ይህን ማለት ቀላል ነው፤ ማድረጉ ግን ቀላል አልነበረም። በግቢው ውስጥ ዘር ለማስበጠር የመጡ አባላት ነበሩ። አንዳንዱ በአህያ፣ አንዳንዱ በኪራይ መኪና አምጥቶ ሰዓት ይቆጠርበታል። ደመናው መሰብሰብ ጀምሯል። በማሽኑ በኩል ያለው መስመር ተፈትሾ ያለቀ በመሆኑ ለመነሳት የቀረው የባለሙያው ፊርማ ብቻ ነበር። የሥራ አመራር ኮሚቴው ሰብሳቢ ተጠርተው መጡና «ለአንዲት ሶኬት ብላችሁ ይህን ሁሉ ጆንያ?» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ጫኝና አውራጅ ይከፈለዋል፤ የቆመ መኪና ይከፈለዋል፤ ሰው ደግሞ ይማረራል። ባለሙያው «እኔ ያልተለካ ነገር ላይ አልፈርምም፤ እርስዎ ካዘዙ ሌላ ሰው ይፈርም» ብለው መለሱ። ሰብሳቢው ጥቂት አሰቡና ጆንያው እንዲነሳ አዘዙ። በዚህ ረገድ ሊመሰገኑ ይገባል፤ ጫናው ሁሉ በእሳቸው ላይ ነበርና።

ጆንያውን ማንሳት እስከ ቀትር ፈጀ። ሠልጣኟም ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ተሸከመች፤ ያዘዛት ሰው የለም። ሶኬቱ ሲገኝ መስመሩን በሦስቱ እርምጃ አረጋገጠች፣ የመለኪያውን ገመድ ወደ ዜሮ መለሰች፣ «0.30 አካባቢ» ብላ ተናገረችና ለካች። መለኪያው ቁጥር አልሰጠም። ደገመች፤ አሁንም አልሰጠም። የሶኬቱ ክዳን ሲፈታ አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ጫፉ ሳይላጥ ተጠቅልሎ ከጀርባ ተጠቅጥቋል። ሽቦው ከሶኬቱ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም።

በዚህ ጊዜ ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ «ለካ ለዚህ ነው የሚነዝረው» አለ።

የሚነዝረው ምኑ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ነገሩ ወጣ። በዚያ ሶኬት ላይ የሚሰካው ባለ ጎማ የጆንያ ማንሻ ማሽን ነው። አካሉ ሙሉ በሙሉ ብረት ነው። ወቅቱ ሲደርስ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘውት ይሠራሉ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እጅ ላይ «ነዘር» እያደረገ ነበር። ሠራተኞቹ መፍትሔ ብለው ያገኙት በባዶ ጆንያ ላይ ቆሞ መሥራትን ነው። አዲስ የተቀጠረ ሰው ሲመጣ «ጆንያ ሳታነጥፍ እንዳትይዘው» ብለው ይመክሩታል። ለኃላፊዎች ያልተናገሩት ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ አንደኛው «ማሽን እኮ ይነዝራል» አለ። የማሽን ጠባይ አድርገው ወስደውት ነበር ማለት ነው። ሞተሩ ሲፈተሽ ሽፋኑ ደክሞ ኮረንቲ ወደ ብረቱ አካል ይሰርግ እንደነበር ታወቀ። የተላከው ወደ ጥገና ነው።

ለምን አደገኛ እንደሆነ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ የ60 ዋት አምፑል ከ220 ቮልት መስመር የሚወስደው 270 ሚሊ አምፒር ያህል ነው። ሰው ግን 10 ሚሊ አምፒር አካባቢ ሲያልፍበት የእጁ ጡንቻ ተጨብጦ የያዘውን መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል። ከ30 ሚሊ አምፒር በላይ በደረት በኩል እያለፈ ከቆየ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ መጋዘኑን ከሚያበራ አንድ አምፑል ኮረንቲ ዘጠነኛው እጅ ሰው ለመግደል በቂ ሊሆን ይችላል። ደረቅ ጆንያ ይህን እስከ ጊዜው ይከላከላል። በላብ የራሰ ጆንያ ግን አይከላከልም።

ብዙ ሰው «ብሬከር አለ አይደል፣ ይወርዳል» ይላል። ይህን በተመለከተ ሠልጣኟ በቀጣዩ ቀን የተማረችው ልኬት መልስ ይሰጣል። ከቦርዱ የሚወጣው የመሬት ሽቦ መጨረሻው በግቢው የተቀበረ የብረት ዘንግ ነው። የዘንጉ ተቃውሞ የሚለካው መስመሩ ተዘግቶ፣ ዘንጉ ከቦርዱ ተላቆ፣ ሁለት ትናንሽ ካስማዎች በአንድ መስመር ከተተከሉ በኋላ ነው። ሩቁ ካስማ ኮረንቲውን ይቀበላል፤ መካከለኛው ቮልቴጁን ያነባል፤ የሚተከለውም ከጠቅላላው ርቀት 62 በመቶ ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ትንሽ ወደፊትና ትንሽ ወደኋላ እየተነቀለ ተተክሎ ቁጥሩ ብዙም ካልተለዋወጠ ልኬቱ ይታመናል።

የተገኘው 41 ኦም ነበር። አሁን 220ን ለ41 አካፍሉት፤ ከ5 አምፒር ትንሽ ይበልጣል። ይህም ማለት የማሽኑ ብረት ሙሉ በሙሉ ከፌዝ ጋር ቢገናኝና ኮረንቲው ወደ አፈር የሚሄደው በዘንጉ ብቻ ቢሆን፣ የሚያልፈው 5 አምፒር ያህል ነው። የ16 አምፒር ብሬከር ለ5 አምፒር አይወርድም። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ 220 ቮልት ተሸክሞ ሊቆም ይችላል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ ሰውን እንዲጠብቅ የሚያስፈልገው ሌላ ነው።

ስለ ዘንጉ ስንነሣ፣ አፈሩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የግቢው አፈር መረሬ ነው። መረሬ ሲረጥብ ኮረንቲን በደንብ ያሳልፋል፤ በበጋ ግን ተሰነጣጥቆ ከዘንጉ ይላቀቃል። በነሐሴ የተለካ ቁጥር በሚያዝያ አይሠራም። ስለዚህ ልኬቱ በደረቁ ወቅት መወሰድ አለበት። በዘንጉ ሥር ጨው የማፍሰስ ልማድም አለ፤ ለጊዜው ቁጥሩን ያሳንሳል፣ ከዚያ ዝናብ ያጥበዋል፣ ዘንጉንም ያዝገዋል። ይሻል የነበረው ተጨማሪ ዘንግ በጥልቀት መቅበር ነው፤ የተደረገውም ይኸው ነው።

ሰውን የሚጠብቀው አር.ሲ.ዲ. የሚባለው ብሬከር ነው። አሠራሩ ለመስኖ ተጠቃሚ ግልጽ ነው። በፌዝ የወጣውን ኮረንቲና በኒውትራል የተመለሰውን ያመዛዝናል፤ የወጣው ሳይመለስ ከቀረ በመንገድ ላይ የሰረገ አለ ማለት ስለሆነ ይቆርጣል። ለሶኬት የሚመረጠው 30 ሚሊ አምፒር ላይ የሚቆርጠው ነው። በቦርዱ ላይ ስላልነበረ ተገዝቶ ገባ። ሠልጣኟ በመፈተሻው መጀመሪያ ግማሹን፣ 15 ሚሊ አምፒር ለቀቀች፤ በዚህ መቁረጥ የለበትም፣ አልቆረጠምም። ቀጥሎ 30 ለቀቀች። በ300 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ መቁረጥ ሲኖርበት ቁርጥ ያለው በ26 ነው፤ ዓይን ሳይጨፈን ማለት ነው። ፊቱ ላይ «ቲ» የተጻፈባት መሞከሪያ ቁልፍ አለች። የመጋዘኑ ጥበቃ በየወሩ መጀመሪያ ቀን እንዲጫናት ተነግሯል። ቁልፏ ግን የምትመሰክረው ስለ ብሬከሩ ብቻ ነው። የአሥራ አራተኛው ሶኬት የመሬት ሽቦ ተነጥሎ ቢቀር እንኳ ቁልፏን ሲጫኗት ይቆርጣል፤ ስለዚህ ቁልፍ መጫን ልኬትን አይተካም።

በመጨረሻ የሦስቱ ፌዞች ቅደም ተከተል ተለካ። ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ ሞተር ወደኋላ ይዞራል፤ የማበጠሪያው ማራገቢያ ነፋስ ይደክምና ገለባው ከዘሩ ጋር ይወርዳል። ትክክል ነበር። ማሽኑ ሁለት ቀን ዘግይቶ ተነሳ።

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ ለእናንተ የሚቀርብ አንድ ጉዳይ አለ። ይህ ቤት ተሠርቶ ርክክብ ሲደረግ የኤሌክትሪክ ሥራውን በሚመለከት ሰነዱ ላይ የሰፈረው «ተፈትሾ ደህና ሆኖ ተገኝቷል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ማን ለካ፣ በምን ለካ፣ ስንት አገኘ የሚል የለም። ክፍያውም በዚያ አንድ መስመር ተለቋል። የስንዴ ዘር ሲገዛ «ደህና ይበቅላል» የሚል ወረቀት የሚቀበል የለም፤ ከመቶ ፍሬ ስንቱ በቀለ ተብሎ ይጠየቃል። ሌሎች የመጋዘን፣ የወፍጮ ቤትና የመኖ ማቀነባበሪያ ግንባታዎች በየወረዳው በመሠራት ላይ ናቸው። የመጨረሻው ክፍያ የእያንዳንዱ ሶኬትና የእያንዳንዱ ሞተር ልኬት በቁጥር የተሞላበት ቅጽ ሳይያያዝ እንዳይለቀቅ በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ማስገባት ይቻላል። ይህ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሚያነብ ሰው ነው። ቅጹን የሚያነብ ሰው ባይኖር ኖሮ 0.12 የሚለው ቁጥር እስከ ዛሬ እንደቆመ ይኖር ነበር።

ለመሠረታዊ ማኅበራት ደግሞ፦ በወፍጮ ቤታችሁ «ይነዝራል» የሚባል ማሽን ካለ ዛሬውኑ ከሶኬቱ ይነቀል። ጆንያ ማንጠፍ ይቅር። ዩኒየኑ ባለሙያውንና መለኪያዎቹን ለአባል ማኅበራት ስለሚያውስ በጽሑፍ መጠየቅ በቂ ነው።

ሠልጣኟ የትብብር ሥልጠናዋን ጨርሳ ወደ ኮሌጅ ተመልሳለች፤ የብቃት ምዘና እየጠበቀች ነው። ባለሙያው በኮሌጁ የግምገማ ቅጽ ላይ የሆነውን ሁሉ፣ ያልለካችውን መጻፏንም ጭምር፣ እንደሆነው ጻፉ፤ ከጻፉ በኋላም አስነበቧት። የቤቱ የፍተሻ ቅጽ በዋናው ቦርድ ክዳን ውስጥ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ሠልጣኟ በአዲስ ወረቀት ልትገለብጠው ፈልጋ ነበር፤ ባለሙያው ከለከሏት። በአሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ 0.12 የሚለው ቁጥር እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ተሰርዟል። ከጎኑ 0.31 ተጽፎ፣ ቀኑና ፊርማዋ አለበት።